«ፎርማት» ጥገና አይደለም፤ መጀመሪያ ገመዱን እዩት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ስለ ኮምፒውተር ነው፣ ግን ኮምፒውተር የማይወድም ሰው ቢያነበው አይጎዳም።

ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀምራችሁ በሃያ ሁለትና በመገናኛ አድርጋችሁ እስከ ሲኤምሲና አያት ብትሄዱ፣ ከምትገቡባቸው የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው መድኃኒት አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ሃንግ ያደርጋል? ፎርማት። በየመሃሉ ሪስታርት ያደርጋል? ፎርማት። ሰማያዊ ስክሪን አመጣ? ቫይረስ ነው፣ ፎርማት። ማሽኑ ሳይከፈት፣ ካቻቪቴ ሳይነሳ፣ «መቼ መቼ ነው የሚያደርገው?» የሚል አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠየቅ ፍላሹ ይሰካል፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል፣ ሂሳብ ይከፈላል። የት እንደሚያማችሁ ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚያስገባ ሐኪም ቢያጋጥማችሁ ሮጣችሁ ትወጣላችሁ። እዚህ ግን ወንበር ስበን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። የሚደርቅ ወይም በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር ሲመጣ ፎርማት የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ከነዚህ ብልሽቶች ውስጥ ቀላል የማይባሉት ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ችግሩ ያለው ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ የላላ የሳታ ኬብል፣ የጠቆረ የፓወር ጫፍ፣ በደንብ ሳይገባ የተተወ ኤስኤስዲ። ዊንዶውስ መቶ ጊዜ ቢጫን የላላ ገመድ አይጠብቅም።

«ሲን ብቻ ነው የምናጠፋው፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» ይሏችኋል። ሰዉ ደግሞ ፋይሉ የት እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ዴስክቶፕ ላይ የደረደራችሁት ሁሉ በተለምዶ ሲ ላይ ነው። ዶክመንትስ ሲ ላይ ነው። ዳውንሎድስ ሲ ላይ ነው። ፒችትሪም፣ ያ የከተማችን ነጋዴ ሂሳቡን የሚይዝበት ፒችትሪ፣ ሌላ ቦታ ካልመረጡለት የድርጅቱን መዝገብ የሚያስቀምጠው እዚያው ሲ ላይ ነው። ሰኔ 30 የተዘጋ የዓመት ሂሳብ ሐምሌ ላይ ለግብር ሊቀርብ ሲል በአንድ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» ሲሄድ አስቡት። የመመረቂያ ጽሑፏን ለዲፌንስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ያጣች ተማሪም አውቃለሁ። ፓወር ግዕዝን እንደገና ፈልጎ መጫኑማ ትንሹ ጣጣ ነው።

እስቲ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ዘዴው ከገባችሁ ማንም አያታልላችሁም።

ኮምፒውተር ሲበራ አንዴ ከዲስኩ አንብቦ የሚያበቃ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። እናንተ ዝም ብላችሁ ስክሪኑን ብታዩም ዊንዶውስ ከዲስኩ ጋር ሲያወራ ነው የሚውለው። ይጽፋል፣ ያነባል፣ ራም ሲጠበው ከያዘው የተወሰነውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲፈልገው መልሶ ይጠራዋል። አሁን በዚህ ወሬ መሃል መስመሩ ተቆረጠ እንበል፤ በስልክ እያወራችሁ ኔትወርክ እንደሚጠፋው። ዊንዶውስ ወዲያው አይሞትም። «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» እያለ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ማውዙ ይንቀሳቀሳል፤ ለማውዙ የሚያስፈልገው ሁሉ ራም ላይ ነዋ። ሙዚቃም ከፍታችሁ ከሆነ ለጥቂት ሴኮንድ ሊቀጥል ይችላል። ፎልደር ስትከፍቱ ግን ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች። የዲስኩ መብራት ወይ ድርቅ ብሎ በርቶ ይቀራል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። መስመሩ ከተመለሰ ሁሉም ነገር በአንዴ ይለቀቅና በንዴት የመታችኋቸው ክሊኮች በሙሉ ተከታትለው ይከፈታሉ። ካልተመለሰ፣ የሚፈልገውን ማንበብ ያቃተው ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል ወይም እንደደረቀ ይቀራል። «ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር» የሚል ጽሑፍ ያያችሁ ካላችሁ፣ በኛ ቋንቋ «ዲስክ ላይ ያስቀመጥኩትን ገጽ መልሼ ላመጣ ስል አልመጣልኝም» ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ የብልሽቱን ማስታወሻ የሚጽፈው የት ነው? ዲስክ ላይ። ዲስኩ ራሱ ከመስመር ከወጣ የት ይጻፈው? ስለዚህ ኢቨንት ቪወርን ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የምታገኙት 41 የሚል ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም «በወጉ ሳልዘጋ ነው የጠፋሁት» ከማለት ያለፈ ነገር አይነግራችሁም። ይህን አይቶ «ምንም የተመዘገበ ነገር የለም፣ ስለዚህ ሶፍትዌር ነው» የሚል ባለሙያ ገጥሞኛል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። በተደጋጋሚ እየደረቀ ምንም ማስታወሻ የማይተው ማሽን ካያችሁ፣ ጽፈቱ የት እንደቀረ መጠየቅ ነው ያለባችሁ። መስመሩ ለአፍታ ተቆርጦ የተመለሰ ጊዜ ግን አሻራው ይገኛል፦ 129 ማለት ዲስኩ ስላልመለሰልኝ መስመሩን እንደገና አስነሳሁት ነው፤ 153 ማለት ጥያቄዬን ደግሜ ላክሁ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተደርድረው ካያችሁ ፍላሹን ወደ ኪሳችሁ መልሱት።

ሌላው ምልክት የበለጠ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ደርቆ ሪስታርት ስታደርጉት «ቡት የሚደረግ ዲስክ የለም» ይላል። ትደነግጣላችሁ። ከሶኬት ነቅላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ስታበሩት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ቫይረስ እንዲህ አያደርግም። ይሄ የግንኙነት ወይም የዲስኩ የራሱ ሰርኪዩት ችግር ነው።

ሰሚት አካባቢ ለትናንሽ ሱቆች ሂሳብ የምትይዝ አንዲት ወዳጃችን አለች። ዴስክቶፗ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርቅባት ነበር። የወሰደችበት ጥገና ቤት ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረገላት። ሁለቱንም ጊዜ ለጥቂት ቀን ደህና ሆነ። ለምን ደህና ሆነ? ማሽኑ ተጭኖ ሲሄድና ሲመለስ፣ ገመዱ ሲነካካ፣ ጫፉ ትንሽ ቦታውን ይይዛል። ቤት ገብቶ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ተመልሶ ይላላል። ሰውን የምታታልለው ያቺ የሦስት ቀን ጤና ናት፤ «ፎርማቱ ሠርቷል፣ ቫይረሱ ግን ተመልሶ ገባ» ታሰኛለች። በሦስተኛው «እህቴ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ ኤስኤስዲ መግዛት አለብሽ» ተባለች።

ስትደውልልኝ የጠየቀችኝ «ቲቸር፣ የትኛው ኤስኤስዲ ይሻላል?» ብላ ነው። «ኧረ ቆይ፣ ብርሽን ከማውጣትሽ በፊት አንዴ ልየው» አልኳት። ከፈትነው። የሳታ ኬብሉ ጠቅ ብሎ የሚቆልፈው ብረት የሌለው ዓይነት ነው። ሃርድ ዲስኩ በአራት ብሎን መታሰር ሲገባው በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ሲዞር ዲስኩ ይንቀጠቀጣል፣ ኬብሉም አብሮት። ቆላፊ ያለው ኬብል አመጣን፣ ብሎኖቹን አሟላን፣ ሳምንት ሙሉ አየነው። ያ «የሞተ» ዲስክ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። ከመጀመሪያው ፎርማት በፊት የነበረው የሰባት ሱቅ መዝገብ ግን አልተመለሰም። ከደረሰኝ ላይ አንድ በአንድ እንደገና አስገባችው፤ አንድ ወር ተኩል ፈጀባት። ኬብሉ ስንት ነው ካላችሁኝ፣ ከአንድ ጥሩ ምሳ አይበልጥም።

ገመዱ ለምን እንዲህ ይላላል? የድሮ ተማሪዎቼ ያን ሰፊ የሪባን ገመድ ታስታውሳላችሁ፤ 40 ቀዳዳ ያለው፣ ለመንቀል ጥርስ የሚያስነክስ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳታ ሲመጣ ሰባት መስመር ያለው ቀጭን ገመድ ተካው፤ ፓወሩ ደግሞ 15 መስመር ያለው ለብቻው ነው። ምቹ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ለመያዝ ደካማ ነው። የውስጥ ሳታ ሶኬት የተሠራው ለ50 ጊዜ ያህል መንቀልና መሰካት ነው። 50 ብዙ ይመስላል። ግን እስቲ ከውጭ ቢሮ ተወግዶ፣ በዱባይ አልፎ፣ መገናኛ ተሽጦ፣ ሁለት ሦስት ባለቤት ቀይሮ፣ በየጥገና ቤቱ ተከፍቶ የተዘጋ ስላሽ ዴስክቶፕ አስቡ። በዚያ ላይ የኛ ሰፈሮች አቧራ አለ፤ ከአያት እስከ ጎሮ ግንባታ የሌለበት መንገድ ጥሩልኝ። በዚያም ላይ የቤት ኪራይ አለ። አከራይ በጨመረ ቁጥር ኮምፒውተራችን ከብርድ ልብስና ከድስት ጋር አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ከጎሮ ወደ ሰሚት፣ ከሰሚት ወደ ቡልቡላ። እና ገመዱ አይላላ?

«አንድ ገመድ ምን ያህል ነገር ያደርጋል?» የሚል ካለ ኢንቴልን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2011 ኢንቴል ባለ 6 ሲሪየስ ቺፕሴቱ ውስጥ የሳታ መስመሮቹ የተወሰኑት ከጊዜ ብዛት እየደከሙ ሊሄዱ እንደሚችሉ አስታወቀ። ዋናው ፕሮሰሰር ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ዲስክ የሚገናኝበት መንገድ ላይ ብቻ ነበር። ማቅረቡን አቁሞ አስተካክሎ እንደገና አመረተ፤ ለመጠገንና ለመተካት 700 ሚሊዮን ዶላር ገመተ፣ ከገቢውም 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚቀንስበት ተናገረ። ከስድስቱ ወደቦች ፈጣኖቹ ሁለቱ አልተነኩም ነበር፣ ችግሩ የቀሩት አራቱ ላይ ነው። ለዚህ ነው ኬብሉን ቀይራችሁ ካልተሻለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ወደብ ቀይሩ የምለው። ከአንዱ ነቅሎ ወደ ሌላው መሰካት ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል የጃፓን ፕሮግራም አለ፣ በነፃ ነው። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ያሳያችኋል። ሁሉም ሰው ላይኛው ላይ «ጉድ» የሚለውን ሰማያዊ ሳጥን አይቶ ይዘጋዋል። ወደ ታች ውረዱ። ሲ7 የሚል መስመር አለ፣ በሌሎች ፕሮግራሞች 199 ነው የሚባለው። ዲስኩና ማዘርቦርዱ የሚላላኩት መረጃ ሁሉ ማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ነው የሚጓዘው። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሲደርስ ቁጥሩ አይገጥምም፣ እንደገና ይላካል፣ ይህ ቆጣሪም ይጨምራል። ቆጣሪው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ ዛሬ 300 ማየታችሁ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ምናልባት የድሮ ገመድ ኃጢአት ነው። ፎቶ አንሱት፣ ሁለት ቀን ሥሩበት፣ እንደገና እዩት። እየጨመረ ከሆነ ገመዱ ነው፣ ወይም ሶኬቱ።

05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉት ላይ እየጨመረ ያለ ቁጥር ካያችሁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የዲስኩ የራሱ ገላ መታመም ነው፤ ገመድ አያድነውም። ያኔ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ። ቼክ ዲስክ አይደለም፣ ዲፍራግ አይደለም፣ መገልበጥ። በነገራችን ላይ ቼክ ዲስክን በላላ ገመድ ላይ ማስኬድም አደገኛ ነው። በትክክል ማንበብ ሳይችል «ላስተካክል» ብሎ ደህናውን ሊያበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ገመድ፣ ከዚያ ቅጂ፣ ከዚያ ሌላው።

ከሁሉም የምወደው ፍንጭ ደግሞ እዚያው ፕሮግራም ላይ «ፓወር ኦን ካውንት» የሚለው ነው። ዲስኩ ስንት ጊዜ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ይቆጥራል። ጠዋት ኮምፒውተሩን አንዴ አብርታችሁ፣ ማታ ስታዩት ቁጥሩ በአራት ጨምሮ ከሆነ፣ ዲስኩ እየሠራ ሳለ ሦስት ጊዜ ፓወር አጥቷል ማለት ነው። የዳታ ገመዱን ትታችሁ የፓወሩን ያዙ። ትልቁ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጆሯችሁም ይነግራችኋል፤ «ጠቅ» ይልና ሞተሩ ይወርዳል፣ ከዚያ «እእእ» እያለ ይነሳል። የፓወር ጫፉ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከሆነ አትመልሱት። በተለይ ከድሮው ባለ አራት እግር ጫፍ ወደ ሳታ የሚቀይሩት ርካሽ አስማሚዎች፣ ፕላስቲካቸው አንድ ላይ የቀለጠ የሚመስሉት፣ ውስጣቸው ተገናኝቶ የሚቃጠሉ በመሆናቸው በዓለም ዙሪያ የታወቁ ናቸው። እኔ ቤቴ አላስገባቸውም።

ላፕቶፕ ያላችሁ «እኛ ገመድ የለንም» አትበሉ። የቆዩት ላይ ዲስኩ የሚገናኘው በወረቀት ቀጭን በሆነ ሪባን ነው፤ የ2012ቱ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ለምሳሌ በዚሁ ኬብል በጠጋኞች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ስንቱ ደህና ዲስክ በሱ ምክንያት ተጥሏል! የሲዲ ማጫወቻውን አውጥተው በካዲ ኤስኤስዲ የሚያስገቡትም እንዲሁ፣ ካዲው ሲላላ ሁሉም ነገር ይላላል። አዲሶቹ ላይ ደግሞ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤስኤስዲ በአንዲት ጥቃቅን ብሎን ነው የሚያዘው። ያቺ ብሎን ጠፍታ በፕላስተር የተለጠፈ ኤስኤስዲ አይቻለሁ። ሲሞቅ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ጫፉ ቀና ይላል፣ ማሽኑ ይሞታል። ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ባለቤቱ «ሲሞቅ የሚያደርገው ስለሆነ ፋኑ ነው» ተብሎ ፋን ገዝቶ ነበር።

ቦሌ አካባቢ ለምትሠሩ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተሮች ለብቻ አንድ ቃል። ጥር ላይ ስንት ሠርግ በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ እንደምታስቀምጡ አውቃለሁ። ከዚያው ላይ በቀጥታ ነው ኤዲት የምታደርጉት። ያ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ መሃሉ የተከፈለ የዩኤስቢ ጫፍ ከሁሉም የሚላላው ነው፤ ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ ስትገፉት እንኳ ይቆረጣል። ከማክ ጋር ለመቀባበል ብላችሁ ኤክስፋት ያደረጋችሁት ከሆነ ደግሞ ባሰ። ኤክስፋት እንደ ኤንቲኤፍኤስ የሚያደርገውን አስቀድሞ የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም፤ በጽሑፍ መሃል ከተቆረጠ ፎልደሩ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ሙሽራው የተሰበረ ኬብል አይገባውም። ገመዷን በዓመት አንዴ ቀይሩ፣ ዲስኩን አንድ ቦታ አስቀምጡትና አትንኩት፣ ሠርጉን ሁለት ቦታ ሳትገለብጡ የካሜራውን ካርድ አታጥፉ።

ሁሉም ነገር ገመድ ነው እያልኩ አይደለም። ራም አለ፣ ሙቀት አለ፣ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ አለ፣ መብራት ራሱ አለ። አንዳንዴ ደግሞ ገመድ የሚመስል ገመድ ያልሆነ ነገር ይመጣል። ክሩሻል ኤም4 የሚባለው ኤስኤስዲ ለ5,184 ሰዓት ከሠራ በኋላ በየአንድ ሰዓቱ ከመስመር እየጠፋ ኮምፒውተሩን ይጥል ነበር። ስንቱ ኬብል እንደቀየረ ፈጣሪ ይወቅ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2012 የወጣ የፈርምዌር ማስተካከያ ነው የፈታው። ግን እዚህም ቢሆን ፎርማት ምን ይጠቅም ነበር? በሰዓቱ ተመልሶ ይወድቅ ነበር። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተል ነው። የማያጠፋውንና ርካሹን መጀመሪያ ሞክሩ፣ የሚያጠፋውን መጨረሻ።

አሁን ወደሚያስከፋው ክፍል። ጠጋኞቹን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ለምን ፎርማት ያደርጋሉ? ፎርማት የታወቀ ዋጋ ስላለው። ደንበኛው ያውቀዋል፣ አይከራከርም። አንድ ልጅ ግን አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ መርምሮ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ሰክቶ «ጨርሻለሁ» ቢል ምን እንላለን? «ገመድ ነቅለህ ሰክተህ ነው ይሄን ያህል የምትጠይቀኝ?» እንላለን። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በመኪና የመጣ ሰው ሲለው። ልጁ በማግስቱ ምን ያደርጋል? ፎርማት። እኛው ነን ያስተማርነው። መካኒክ ጋ ሞተር ለማዳመጥ እንከፍላለን፣ ለሐኪም ካርድ እናወጣለን፤ ለኮምፒውተር ምርመራ ግን መክፈል እንደ መታለል ይቆጠራል።

ስለዚህ የማልስማማባችሁ ቢኖሩም እላለሁ፣ የምርመራ ክፍያ የሚባል ነገር መለመድ አለበት። ትንሽ ብር፣ ቢገኝም ባይገኝም የሚከፈል፣ ከዚያ ጥገናው ከተሠራ ከሂሳቡ የሚቀነስ። ጥገና ቤት ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት። መጀመሪያ ደንበኛ ይሸሻል፣ አውቃለሁ። ግን ፎርማት ተደርጎ ሁለቴ የተመለሰ ሰው ከናንተ በር አይጠፋም። የሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ተማሪዎች ላይም ይሄው ነው የማየው፤ ዊንዶውስ መጫን ዓይኑን ጨፍኖ የሚችል ልጅ ኢቨንት ቪወርን ከፍቶ አያውቅም። መጫን ለመፈተን ቀላል ነው፣ ተሳካ ወይ አልተሳካም። ብልሽት መፈለግን ለመፈተን ግን በዘዴ የተበላሸ ማሽን ያስፈልጋል። አንድ ሳታ ኬብል ውስጡን በመርፌ መበጠስ እኮ ምንም አያስወጣም፤ አስተማሪዎች ይህን ሞክሩት፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚነቃ ታያላችሁ።

ደግሞ ዘመኑ ደህና ዲስክ የሚጣልበት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሬው ሥርዓት ተቀየረ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኤስኤስዲ፣ ራም፣ ላፕቶፕ፣ ሁሉም በዶላር ነው የሚገባው። «ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» የሚለው ቃል ድሮ ከሚያስከፍለው አሁን የሚያስከፍለው ሌላ ነው። ለአንድ ትንሽ ቢሮ የወር ኪራይ ሊሆን ይችላል።

ጥገና ቤት ስትሄዱ እንዲህ በሉ፦ «ወንድሜ፣ ሳልፈቅድልህ ምንም እንዳታጠፋ። መጀመሪያ ክፈተውና ገመዱን እይልኝ፣ የምርመራህን እከፍልሃለሁ።» ልጁ ካኮረፈ ሌላ ቤት አለ፣ መገናኛ በር አያጣም። ራሳችሁ ልትከፍቱት ከሆነ ከሶኬት ንቀሉት፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫኑት የቀረው እንዲወጣ፣ የሳጥኑን ብረት ነክታችሁ ጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን። ገመዱን ከጫፉ ይዛችሁ እንጂ ከወገቡ አትጎትቱ። ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የት እንደነበረ ለማስታወስ።

የክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ስክሪንሹት ኮሜንት ላይ ብታስቀምጡልኝ ማታ ማታ አያለሁ፤ ሲ7፣ ሲ5 እና ፓወር ኦን ካውንት የሚታዩበት ይሁን፣ ከተቻለ የሁለት የተለያየ ቀን። ሲሪያል ነምበሩን ግን ሸፍኑት። ኤንቪኤምኢ የሆነ ኤስኤስዲ ያላችሁ ሲ7 አታገኙም፣ አትድከሙ፤ የናንተን በኢቨንት ቪወር ነው የምናየው። ኢንቦክስ ባትልኩ ደስ ይለኛል፣ የአንዱ ጥያቄ ለሌላውም መልስ ይሆናልና እዚሁ ይሁን።